ቤት ስንዴ አይደለም፣ አይራገፍም

ቨርነን፣ ቴክሳስ
ሜይ 29 ቀን 1996

እንዴ ጋሽ ቨርጅል፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ይጣላል? ሰው ይስማኝ! አራቱም ላይ ጥርሱ አውራ ጣቴን እስከ ጥፍሬ ድረስ ይውጣል። እርስዎ እዚያ አዮዋ ቁጭ ብለው፣ ዓይንዎ ሳያየው፣ እጅዎ ሳይነካው «በስብሷል፣ አውልቀህ ጣለው» ይሉኛል። ጎማ ሙዝ ነው እንዴ ተቀምጦ የሚበሰብሰው?

ይቅርታ፣ ሰላም ሳልል ጀመርኩ። ማርላ ከኋላዬ ቆማ «መጀመሪያ ሰላም በል፣ አባቴ እኮ ነው፣ ኤልሮይ አይደለም» እያለች ጀርባዬን በቡጢ ትለኛለች። እሺ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ጆሮዎስ ያው ነው? ያ የፈነዳ ቸርኬ ጆሮዎን ባይወስደው ኖሮ ስልክ ደውዬ እንደ ሰው እንጣላ ነበር። አሁን በየፖስታ ቤቱ ቆሜ በእስክሪብቶ እጮሃለሁ። ጽሑፌን ደግሞ ያውቁታል፣ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻ! አጎቴ ኤልሮይ ዘንድሮ አራቱንም ኮምባይነር አሰልፎ እኔን ፊት አስቀድሞኛል። ለምን ቢሉ ከኔ በላይ ቀጥ አድርጎ የሚያጭድ ስለሌለ ነው፤ ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ባለ እርሻውም ብሏል። ከዚህ እስከ ዳኮታ ስንዴው በደረሰበት እንደርሳለን። ማርላም በሰርጋችን የሰጡንን የእርስዎንና የእትዬ ዶሪስን ተጎታች ቤት በፒካፗ እየጎተተች ትከተለናለች፣ ስምንት ወንድ ታበላለች። ኦክቶበር ላይ ትወልዳለች ብል ማንም አያምነኝም።

ትኬቱን አየሁት። ከፖስታው ዱብ ሲል የእንኳን ደስ አላችሁ ካርድ መስሎኝ ነበር። ለካ የአውቶብስ ትኬት! «ደህና ጎማ ካላደረግክላት ልጄን በዚህ መልስልኝ።» እንዲህ ይባላል ጋሽ ቨርጅል? ማርላ አነበበችው። ትኬቱን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። አሁን ውሃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር ያፈጥብኛል።

ይሄውልዎት እንግዲህ፣ እቀይራለሁ። እርስዎ ስላሉ አይደለም። ትናንት ማርላ አንበርክካኝ የጎማውን ጎን በሁለት እጇ ጨምቃ ስላሳየችኝ ነው። ዝናብ የራቀው የኩሬ ጭቃ ይመስል ተሰነጣጥቋል፣ ያውም ፀሐይ በሚመታው በኩል። «ጥርሱ የሚያልቀው ሁልጊዜ የሚሄድ መኪና ላይ ነው፤ ቆሞ የሚከርም ቤት ጎማው የሚሞተው በጎኑ ነው» አለችኝ። ከማን እንደተማረችው አልጠየቅኳትም።

«መዝነህ ግዛ» ያሉትን ግን አንብቤ ሳቅኩ። እኔን ነው ሚዛን የሚያስተምሩኝ? ጋሽ ቨርጅል፣ እኔ የእህል ጎተራ ሚዛን ላይ ነው ጥርስ ያወጣሁት!

ትሬንት


ኪንግፊሸር፣ ኦክላሆማ
ጁን 9 ቀን 1996

የለም፣ በዓይን ግምት አልገዛሁም! እንደዚያ ብለው ከጠረጠሩኝ ይቅርታ ይጠይቁኛል፣ እኔም ትልቅ ሰው ስለሆንኩ እቀበልዎታለሁ።

ሰላም ነዎት? ማርላ ሰላም ብላለች። ሆዷ ገፋ ብሏል፣ መሪው ጋ እስኪደርስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል ትላለች።

አሁን ያደረግኩትን ያንብቡና ኮፍያዎን ያውልቁ። እሁድ ጠዋት ማርላ ልብስ ልታጥብ ከተማ ስትሄድ የጎተራውን ሚዛን የሚጠብቀውን ሽማግሌ ለመንኩት። የኛን ሥራ ያውቁታል። የስንዴ መኪና መጀመሪያ ሙሉውን ይመዘናል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ ባዶውን ይመዘናል። ባዶው በቀለለ ቁጥር የኛ ስንዴ ይበዛል። ስለዚህ ባዶው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሹፌሩ ይወርዳል፣ ክሪኩ ይወርዳል፣ ኮካው ሳይቀር ይወርዳል። ኤልሮይ ጫማውን የሚያወልቅ ሹፌር ነበረኝ ይላል። በዚህ ነገር ከቴክሳስ እስከ ሞንታና ከኔ የሚወዳደር የለም፤ እኔ ሚዛን ላይ ላባ ነኝ።

ቤቱንም በወጉ አዘጋጀሁት። የውሃውን ታንከር ደፋሁ። ኤልሮይ የገዛውን ግማሽ በሬ የያዘውን የሥጋ ማቀዝቀዣ ለሦስት ተሸክመን ሣር ላይ አወረድነው። ከአልጋው ሥር የነበረውን የኮምባይነር መለዋወጫ፣ ሰንሰለቱን፣ ቺንጋውን፣ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ሁሉንም። ጥርግ! ከዚያ ፒካፑ ከሚዛኑ ውጭ ቆሞ የቤቱን ጎማዎች ብቻ ሚዛን ላይ አሳረፍኳቸው። 8,400 ፓውንድ። ሽማግሌው ራሱ «ልጄ፣ ይሄን የሚያህል ቤት እንዲህ ቀሎ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ሰሙ?

ለአራት ሲካፈል 2,100 ይመጣል። (ማካፈል እችላለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ሦስተኛ አይደለም።) ወዲያው ሄጄ አራት አዲስ ጎማ ገዛሁ። አራት አዲስ ጎማ! ባለ አስራ አምስት ኢንች ቸርኬ፣ ለተጎታች ተብሎ የተሠራ፣ እያንዳንዱ 2,540 የሚሸከም። ጎኑ ላይ ተጽፎበታል፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት። በአንድ ጎማ 440 ፓውንድ ይተርፈኛል። ከነኤልሮይ ቦርጭ ብንጭነው ገና ይተርፋል።

ማርላ ስትመለስ አራት አዲስ ጎማ ላይ የቆመ ቤት ጠበቃት። ዞር ዞር ብላ አየችው። «ስንት መዘነ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ያንሳል» አለች። «ሚዛን ይዋሻል እንዴ?» አልኳት። የታጠበውን ልብስ ይዛ ገባች። ትኬቱ ግን እስካሁን ፍሪጁ ላይ ነው።

ኤልሮይ ደግሞ እየዞረ «አማትህ ናቸው አሉ በደብዳቤ የሚነዱህ! ፍሬንም በፖስታ ነው የሚረግጡልህ?» እያለ ስምንቱን ሰው ያስቅብኛል። ይሳቅ። አራት አዲስ ጎማ ያለው እኔ ነኝ።

ነገ ወደ ካንሳስ እንነሳለን። መልስዎን ኮልቢ ፖስታ ቤት ያድርጉት።

ትሬንት


ኮልቢ፣ ካንሳስ
ጁን 27 ቀን 1996

አልተቀየምኩም ጋሽ ቨርጅል፣ ያልጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የእርስዎም ደብዳቤ እዚህ አልጠበቀኝም። ምናልባት ኪንግፊሸር ልከውት ይሆናል፣ እኛ ከወጣን በኋላ።

እንዴት ከርመዋል? የጓሮው በቆሎ እንዴት ነው? ማርላ ደህና ናት። በጣም ደህና ናት። ሁለቴ የጻፍኩት እስክሪብቶው ስለሚይዝ ነው።

እዚህ የደረስነው በሁለት ቀን ዘግይተን ነው። ነፋስ ነበረ። ካንሳስን ያውቁታል፣ ነፋስ አያጣም። ስንዴው ግን ጉድ ነው! እስከ ቀበቶዬ ይመጣል። ትናንት ኤልሮይ «ትሬንት የሚያጭደው በገመድ እየለካ ነው እንዴ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ለሌላ ሰው ሲነግር ነው የሰማሁት፣ ለኔማ መች ይለኛል።

ሌላ ወሬ የለም። ምግብ እንበላለን። ሳህን ትንሽ አጥሮን የወረቀት ገዝተናል፣ ማጠብም ቀለለ።

አዎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ጓደኛዬ ነው የጠየቀኝ፣ አያውቁትም። ተጎታች ቤት አለው። ባለ አስራ አምስቱን ቸርኬ አውልቆ የጭነት ፒካፕ ጎማ፣ ባለ አስራ ስድስቱን ቢያስገባ ምን ይመስልዎታል? ሲሄድ በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርስ አይነካኩበትም? ለጓደኛዬ ነው። አይቸኩልም። ግን ቶሎ ቢነግሩኝ ደስ ይለዋል።

ትሬንት


ክሬስተን፣ አዮዋ
ጁላይ 1 ቀን 1996

ትሬንት፣

ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማውን ያፈነዳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ለጓደኛው ነው።

ኮልቢ ያልከውን ሳላይ ጁን 12 የጻፍኩልህ ኪንግፊሸር ደርሶ እናንተን አጥቷል። ውስጡ ያለው ይሄ ነበር፦ የመዘንከው ባዶውን ነው። ቤት ስንዴ አይደለም፣ አይራገፍም። ልጄ የምትጎትተው ከነውሃው ከነሥጋው ነው። መዝነህ ግዛ አልኩህ እንጂ አቅልለህ መዝን አላልኩህም።

በፊተኛው ደብዳቤህ «አራት አዲስ ጎማ» የሚል አራት ቦታ ቆጠርኩ። በዚህኛው አንድም የለም። የሄደው የኋላ ግራ ነው። ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው። የዶሪስን የሳህን መደርደሪያ ከዚያ ጎማ በላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ሳህን አጠረን ትለኛለህ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሲፈነዳ መሪው ላይ ማን ነበር?

ማርላ ከነበረች ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ካልጻፍክልኝ ትኬቱን ከፍሪጁ ላይ አንስታ ትምጣ።

ስለ ባለ አስራ ስድስቱ፦ ጓደኛህ መጀመሪያ ይመዝን። ሙሉውን። ከዚያ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ።

ቨርጅል


ኮልቢ፣ ካንሳስ
ጁላይ 7 ቀን 1996

ጋሽ ቨርጅል፣ የኋላ ግራ ነው። ጠንቋይ ነዎት እንዴ?

ደብዳቤዎን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ እዚያው ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቅርታ ስጽፍ እጄ አልለመደውም፣ ቃሉንም ማርላ ናት ያረመችልኝ። የደበቅኩት ፈርቼ ነው፤ እርስዎን አይደለም የፈራሁት፣ ያንን ትኬት ነው።

መሪው ላይ ማርላ ነበረች።

እኔ ኮምባይነር ጭኜ ከኋላ ነበርኩ። ከሞተሬ ጩኸት በላይ «ጓ!» ሲል ሰማሁ፣ የላም ቆዳ የሚያህል ጎማ ሽቅብ ወጥቶ በፊቴ አለፈ። ቤቱ ጅራቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ መታው። እኔ ጀግናው ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጥሩምባ ነፋሁ! እንደ ዝይ። ዓይኔ የፒካፑ የፍሬን መብራት ላይ ነበር፣ «አሁን በራ፣ አሁን ተገለበጠች» እያልኩ። አልበራም ጋሽ ቨርጅል። አንዴም አልበራም። ነዳጁን አልለቀቀችም፣ መሪውን ቀጥ አድርጋ ይዛ ቤቱ እስኪረጋ ጠበቀችው። ከዚያ ፒካፑ ውስጥ ባለው ማንሻ የቤቱን ፍሬን ብቻ በእጇ ቀስ እያደረገች ዳር አስያዘችው። አጃ የተዘራበት ማሳ ጠርዝ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቆመች።

ሮጬ ስደርስ ወርዳ፣ ሆዷን ይዛ፣ ቸርኬውን እያየች ነው። እኔ «ደህና ነሽ? ልጁስ?» እያልኩ እዞራታለሁ። እሷ ምን አለችኝ? «አባቴ፣ ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን የረገጠ ሰው ከቦይ ብዙ ጎትቻለሁ ይል ነበር።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ትሬንት፣ ስትመዝነው የሥጋ ማቀዝቀዣው የት ነበር?»

 ሣር ላይ ነበር፣ አልኳት።

የጭቃ መከላከያው ተገነጠለ፣ የውሃው ቱቦ ተቆረጠ፣ የእትዬ ዶሪስ ሳህኖች ግማሹ አለቀ። ሰማያዊዎቹ ተርፈዋል። ማርላን ሐኪም አይቷታል፣ ልጁም እናቱም ደህና ናቸው። ይሄን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ።

አሁን ቀሪውን ይስሙኝ፣ ምክንያቱም የምኮራው እዚህ ጋ ነው።

ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት ማርላ ስምንቱንም ሰው አሰለፈች። «ጫኑ!» አለች። ውሃውን እስከ አፉ፣ ሥጋውን፣ መለዋወጫውን፣ ዱቄቱን፣ ኤልሮይ አምና የረሳውን ቦት ጫማ ሳይቀር። ከዚያ ጎተራው ሚዛን ላይ አወጣችው። የሚዛኑ ሰውዬ ራሱን አከከ። «እመቤት፣ ሃያ ዓመት እዚህ ስሠራ ሰው ሁሉ ቀሎ ሊመዘን ይለምነኛል። ከብዶ ልመዘን ያልሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። «ስንዴው የባለ እርሻው ነው፤ ይሄኛውን ግን የምጎትተው እኔ ነኝ» አለችው።

ሙሉው 10,200። ከዚያ የግራውን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ የቀኙን ከሚዛኑ ውጭ አቆመቻቸው። ግራው 5,700። ለሁለት ሲካፈል 2,850። እኔ 2,540 የሚሸከም ጎማ ነበር ሥሩ ያስቀመጥኩት፣ ያውም «440 ይተርፈኛል» እያልኩ። ኤልሮይ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ማርላ ዞራ «አንተ ደግሞ ሰንሰለትህን ከአልጋዬ ሥር አውጣ» አለችው፣ አፉን ገጠመ። የሥጋ ማቀዝቀዣውንም ወደ ቀኝ በኩል አስዞረችን። የኤልሮይ ብረት በራሱ መኪና ሄደ። እንደገና ስንመዝን ግራው 5,100 ሆነ። በአንድ ጎማ 2,550። «አየህ፣ አስተካክለነውም ያንተ ጎማ በአሥር ፓውንድ ያንሳል» አለችኝ። በአሥር!

ጎማ ቤት አብረን ሄድን። ሻጩ ሲያየን ያንኑ ባለ አስራ አምስት አወጣ። «ለሽርሽር ቤት ይሄ ይበቃል ጌታው» ይለኛል፣ ለኔ። ማርላ ቆማለች። «እሷን አናግራት» አልኩት። «ባለቤትዎን?» አለ። «ጎሚስታዋን» አልኩት!

ከዚያ ነበር ቢያዩዋት! «ባለ አስራ ስድስቱ ስንት ይሸከማል?» «3,042።» «በስንት ንፋስ?» «በሰማንያ።» «ቸርኬውስ ሰማንያ ይችላል? ቸርኬው ራሱ ስንት ይሸከማል?» ሰውዬው መነጽሩን ፈልጎ ጎንበስ አለ። «ይችላል» አለ። «አንብበህ ነው ወይስ ገምተህ?» አለችው። እንደገና ጎንበስ አለ፣ አሁን እውነት አነበበ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ እንደ ሞኝ ፈገግ እላለሁ። ቸርኬውም ይችላል። አምስት ወሰድን፣ አንዱ ለመለዋወጫ፣ ሁሉም የተሠሩት ዘንድሮ ነው።

መነካካቱን ጠይቄዎት ነበር፣ ለ«ጓደኛዬ»። ማርላ ለካችው። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ሦስት ጣት ያስገባል፣ ከላይም በጎማውና በቤቱ ወለል መሐል ጡጫ ሙሉ ይገባል፤ ያውም በኔ ጡጫ ነው የለካነው። ቡሎኖቹን እኔ አጠበቅኩ፣ እሷ ከኋላዬ ደገመችኝ። ሃምሳ ማይል ነድተን ቆምን፣ እንደገና አጠበቅን። ሁለቱ ትንሽ ላልተው ነበር። ንፋሱንም በየማለዳው ጎማው ሳይሞቅ የምለካው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

በሚቀጥለው ቀን አንዱ ልጅ እራት ላይ «ጎማውን የመረጥከው አንተ ነህ ትሬንት?» ሲለኝ ምን ማለት እንደምችል ያውቃሉ። አፌን ከፍቼ ነበር። «ሚስቴ ናት። የቨርጅል ልጅ ናት፣ የክሬስተኑ ጎሚስታ» አልኩት። ኤልሮይ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሳቅ ጠበቅኩ። «እንግዲያው የኔንም ተጎታች ትየው» አለ።

አሁን ስለ ትኬቱ። ማርላ ትናንት ከፍሪጁ ላይ አነሳችው።  ቦርሳዋን ስታነሳ «ትሄጃለሽ?» አልኳት። «አውቶብስ ጣቢያ» አለች። አብሬ ሄድኩ፣ አፌን ዘግቼ፣ ሰው ቢያየኝ አሞታል ይል ነበር። መስኮቱ ጋ ደርሳ ለሴትዮዋ ሰጠቻትና «አቅጣጫውን ገልብጪልኝ» አለቻት።

እዚህ ፖስታ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ከክሬስተን ወደ ፒር፣ ሳውዝ ዳኮታ ይላል፣ ከላዩም በልጅዎ እጅ የእርስዎ ስም ተጽፎበታል። ልጅዎ አትመለስም ጋሽ ቨርጅል። የምትጎትተውን ታውቃለች፣ በምን ላይ እንደምትጎትተውም ታውቃለች። የሚመጡት እርስዎ ነዎት። ከጁላይ 20 ጀምሮ ፒር አጠገብ፣ ኦናይዳ ስንዴ ላይ ነን፤ ከፒር ጣቢያ ራሴ መጥቼ አነሳዎታለሁ፣ ማርላ ነድታ። በቀኝ በኩል፣ ከማቀዝቀዣው ማዶ፣ አልጋ አዘጋጅተንልዎታል። ክብደትዎን አስቀድመን አስገብተናል፣ ሚዛኑ ይችልዎታል። የኮምባይነሩ ጩኸት እንደሆነ ለእርስዎ ምንም አይደለም፣ ከኛ ሁሉ ደህና የሚተኙት እርስዎ ነዎት።

ያንን የጥብቀቱን ልክ የሚያሳየውን መፍቻዎን ይያዙ። የጎተራው ሰውዬ ያዋሰን አርጅቷል፣ እርስዎ ደግሞ የሚያምኑት የራስዎን ብቻ ነው።

ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? «አስብበታለሁ» የሚል ደብዳቤ እንዳይልኩብኝ። አንድ ቃል ብቻ፣ ዛሬውኑ ይጻፉ!

ትሬንት